ሦስት ትውልድ በዋንዛዬ ፍል ውሃ

ነገሩን የጀመረችው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ናት። አንድ ምሽት በቴሌቪዥን ስለ አንድ የጃፓን የፍል ውሃ ከተማ ሲታይ ዐይኗን ተክላ ቆየችና «እማዬ፣ እኛ አገር እንዲህ ያለ የለም?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀድማ የመለሰችላት ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትለው አያቷ ነበረች።

«ምነው የለም! ዋንዛዬ አለ አይደል? እኔን እናቴ በእግር ወስዳኛለች። እኔ ግን አንድም ቀን አልወሰድኳችሁ።»

ይህን ብላ ጉልበቷን እየዳበሰች ዝም አለች። ጉልበቷ ካስቸገራት ሁለት ክረምት አልፏል። እኔና ባለቤቴ ተያየን፤ ለቅዳሜ ተቀጣጠርን።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ድፎ ዳቦ፣ በሶ፣ የሚጠጣ ውሃ በጀሪካንና ሁለት ጋቢ ጭነን ከባሕር ዳር ተነሣን። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን የጎንደርን መንገድ ይዘን ሐሙሲት ስንደርስ፣ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ምሥራቅ ታጠፍን። ዋንዛዬ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ ደራ ወረዳ ውስጥ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ነው። ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ወርዶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ይህን ስነግራት ልጄ «ታዲያ ይሄ ውሃ እኛ ሰፈር ድረስ ይመጣል ማለት ነው!» ብላ ሳቀች።

ውሃው ለምን ይሞቃል ለሚለው ጥያቄዋ መልስ የሰጣት አባቷ ነው። ዝናብ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ ወደ ጥልቁ በወረደ ቁጥር የሚያገኘው ዐለት ይበልጥ ትኩስ ነው፤ ሞቆ በስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። አያቷ ሰምታ «እግዜር ከታች እሳቱን አንድዶ ጥዶልናል በለኛ» አለችው።

ፍል ውሃ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃውን ሜዳ ወደውት ቤት ካሠሩ በኋላ ነው። ወሊሶ፣ ሶደሬና ወንዶ ገነትም ብዙ ቤተሰብ የሚያውቃቸው ናቸው። ዋንዛዬ ግን መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ወገቡን፣ ጉልበቱን ወይም ቆዳውን አሞት ነው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ስንቃቸውን ይዘው ለቀናት የሚሰነብቱ ሰዎች አየን።

እኔ፣ እናቴና ልጄ ከሴቶቹ ጋር ገባን። ልጄ በቴሌቪዥን ያየችውን አልረሳችም። ጃፓኖች ወደ ጋራው ገንዳ ከመግባታቸው በፊት ውጭ ተቀምጠው በሳሙና ይታጠባሉ፤ ገንዳው ለመሞቂያ እንጂ ለእድፍ ማስለቀቂያ አይደለም። እሷም ሳትታጠብ አልገባም አለች። ከዚያ የአያቷን ጀርባ በቀስታ ታሸው ጀመር። እናቴ ዐይኖቿን ጨፍና «እኔም የእናቴን ጀርባ እዚሁ ነው ያሸሁት» አለች። እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ደስታው ግን አንድ ነገር አስረሳን፤ ሰዓቱን። እናቴ ለመውጣት ስትነሣ ዐይኗ ጨለመባት። ሁለት ሆነን ደግፈን አስቀመጥናት። ውሃ ጠጥታ፣ ነፋስ አግኝታ ስትመለስ «የደም ግፊት ክኒንሽን ጠዋት ዋጥሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ደግሜ ስጠይቃት፣ «ትቼው ነው የመጣሁ። ውሃው ይበቃኛል ብዬ» አለችኝ።

ተናደድኩ፤ ደነገጥኩም። ልናገር አፌን ስከፍት፣ አጠገባችን የነበሩ አንዲት አዛውንት ቀደሙኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በፌስታል የተጠቀለለ ክኒን አሳዩዋት።

«እኔም ግፊት አለብኝ፣ እኅቴ። በየዓመቱ እመጣለሁ። ውሃው ለጉልበቴ ነው፤ ይሄ ደግሞ ለደሜ። አንዱ ሌላውን አይጣላም።»

እኔ ብናገር ክርክር ይሆን ነበር። ከእኩያዋ ስትሰማው ግን እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ባለቤቴ ሐኪሟ ጋ ደወለ፤ ክኒኗን በምን ሰዓት እንደምትወስድና በዕለቱ እንድታርፍ ነገሩን። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሐሙሲት ወርዶ መድኃኒቱን ገዝቶ መጣ። እሑድ ጠዋት እናቴ ክኒኗን ውጣ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ገብታ ወጣች።

ለአያቶች ፍል ውሃ የሚያሰጋው በዚህ ነው። ሙቀቱ የደም ሥርን ያሰፋል፤ ግፊት ይወርዳል፤ ድንገት ሲነሡ ያዞራል። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ሲወጡም ቀስ ብሎ፣ ሰው ይዞ ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ከደነዘዘ ቃጠሎውን ላያውቁት ስለሚችሉ፣ ሌላ ሰው ውሃውን በእጁ ይለካላቸው። የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። ሕፃናትን በጣም በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ አይገባም። በጃፓኗ ኩሳትሱ ከተማ እንኳ ውሃው ከመጠን በላይ ትኩስ በመሆኑ በረጃጅም ሳንቃ እያማሰሉ ያበርዱታል። መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

ለመሄድ ያሰባችሁ በጋውን ምረጡ፤ በክረምት ጉማራ ይሞላል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ማረፊያው ቀላል ስለሆነ ምንጣፍ፣ ጋቢ፣ ነጠላ ጫማና ስንቅ ያዙ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ወንዙ የሚወስደው ወደ ጣና ነው።

እሑድ ከሰዓት ባሕር ዳር ገብተን ጣና ዳር ተቀመጥን። ታንኳዎች ወደ ዳር ይመለሱ ነበር። የእናቴ ጉልበት ዳነ ብዬ አልዋሽም፤ ከመኪና ስትወርድ ግን የልጄን ትከሻ እንጂ ምርኩዟን አልፈለገችም። ሰኞ ጠዋት ቡና ሲፈላ ልጄ ክኒኑንና ውሃውን ይዛ አያቷ ፊት ቆመች። እናቴ ዋጠችና እንዲህ አለቻት፦

«ከርሞም ትወስጂኛለሽ። የዚያን ጊዜ ሰዓቱን አንቺ ትይዢያለሽ።»