ዕንቁላልን በመሣሪያና በታቃፊ ዶሮ ስለ ማስፈልፈል

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ብሂል ስለ ትዕግሥት የተነገረ ቢሆንም፥ ለዶሮ አርቢ ግን በቁጥር የሚታወቅ እውነት ነው፤ ዕንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው በ21 ቀን ነውና። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተገቢውን ሙቀትና እርጥበት ያገኘ እንደ ሆነ ጫጩት ይወጣዋል፤ ያላገኘ እንደ ሆነ ግን ለእርባታም ለምግብም ሳይሆን ይቀራል።

በቤት ውስጥ የሚሠራባቸው ትንንሽ የዕንቁላል ማስፈልፈያ መሣሪያዎች በገበያ ስለሚገኙ፥ አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ገዥው 21 ቀን ጠብቆ አንድም ጫጩት ያላገኘ እንደ ሆነ፥ ጉድለቱ የዕንቁላሉ ቢሆን እንኳ የሚወቅሰው የሸጠለትን ሱቅ ነው።

መሣሪያው የሚሠራው ዶሮዋ የምትሠራውን ነው። ታቃፊ ዶሮ እንደ ሰውነቷ መጠን ከ10 እስከ 12 ዕንቁላል ታሞቃለች፤ በየጊዜውም ታገላብጣለች፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተነሥታ በልታና ጠጥታ ትመለሳለች። ኤሌክትሪክ አትፈልግም፤ ጫጩቶቹንም ራሷ ታሳድጋለች። ነገር ግን የምትታቀፈው ባለቤቷ በፈለገ ጊዜ ሳይሆን ራሷ በፈቀደች ጊዜ ነው፤ በታቀፈችበትም ወራት ዕንቁላል አትጥልም። ስለዚህ ጭድ የተነጠፈበት፥ ጨለም ያለና ሸለምጥማጥ የማይደርስበት ስፍራ ሊዘጋጅላት፥ ከቅንቅንም ልትጠበቅ ይገባል።

መሣሪያው ግን በማናቸውም ወራት ብዙ ዕንቁላል በአንድ ጊዜ ይይዛል። አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ያለው ከሆነ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሁን፤ ማራገቢያ የሌለው ከሆነ በዕንቁላሎቹ አናት ልክ ሲለካ 38.5 ያህል ይሁን። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከመቶ 50 እስከ 55፥ በመጨረሻዎቹ 3 ቀኖች ከ65 እስከ 70 ሊደርስ ይገባል። ዕንቁላሉ ቢያንስ በቀን 3 ጊዜ ይገላበጣል፤ ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን መገላበጡ ይቀራል፤ ክዳኑም አይከፈትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዕንቁላሉ ምርጫ ነው። ከሱቅ የሚገዛው የዕንቁላል ጣይ ዶሮዎች ምርት አብዛኛውን ጊዜ አውራ ዶሮ ከሌለበት ቤት የመጣ ስለ ሆነ፥ መሣሪያው ምንም ያህል ቢደክም ጫጩት አይሰጥም። ለማስፈልፈል የሚፈለገው አውራ ካለበት መንጋ የተገኘ፥ ያልተሰነጠቀና ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው ዕንቁላል ነው። በ7ኛው ቀን በጨለማ ክፍል በባትሪ መብራት ቢታይ፥ ሕይወት ያለው ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያሳያል፤ ባዶው ግን ጥርት ብሎ ይታያልና ይወገዳል።

ለእኛ አገር ደግሞ ሁለት ነገሮች በብርቱ ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፥ ጽንሱ የሚተነፍሰው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ዕንቁላሉም ፈጥኖ ይደርቃል። ስለዚህ የአየር መግቢያው እንዳይደፈን፥ የውሃው ሣህንም እንዳይደርቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የመብራት መቋረጥ ነው። አስመጪው በ220 ቮልት የሚሠራውን፥ ቢቻልም በ12 ቮልት ባትሪ ጭምር የሚሠራውን ቢመርጥ ደንበኛው ያመሰግነዋል። መብራት በጠፋ ጊዜም መሣሪያውን ሳይከፍቱ፥ የአየሩንም ቀዳዳ ሳይደፍኑ በብርድ ልብስ መሸፈን ይጠቅማል።

ስለ ውጤቱ በሚነገር ጊዜ ሒሳቡ ግልጥ ይሁን። ለምሳሌ ከ48 ዕንቁላል 8ቱ ባዶ ሆነው፥ ከቀሩት 40ዎቹ 30 ቢፈለፈሉ፥ ሕይወት ከነበራቸው አንጻር ከመቶ 75 ይሆናል፤ ከገቡት ሁሉ አንጻር ግን ከመቶ 62.5 ነው። ሻጩ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ቢናገር ገዥው እንደ ተታለለ ይቈጥረዋል፤ ሁለቱንም ቢነግረው ግን ያምነዋል። ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት እንደሚሹም ሊነገረው ይገባል፤ የመሣሪያው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለምና።

በመጨረሻም መሣሪያና ዶሮ ተባባሪ እንጂ ተቀናቃኝ አይደሉም። ዕንቁላሉ ወደ መሣሪያው በሚገባበት ቀን አንዲት ዶሮም ብትታቀፍ፥ በመሣሪያው ከተፈለፈሉት ጥቂቶቹን በሌሊት ከክንፏ ሥር ማስገባት ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜም ከራሷ ጫጩቶች ጋር ተቀብላ ታሳድጋቸዋለች። ይህን ምክር ከዕቃው ጋር ለደንበኛው የሚሰጥ ባለሱቅ፥ ሁለተኛ የሚመለስ ገዥ ያገኛል።