በባዝ ከተማ ያለው የጃንሆይ ቤት

በእንግሊዝ አገር ብዙ ታሪካዊ የድንጋይ ቤቶች አሉ። ከሁሉም የሚማርከኝ በባዝ ከተማ የሚገኘው ፌርፊልድ ሃውስ ነው። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩት በዚህ ቤት ነው።

በመጀመሪያ ድንጋዩን እንመልከት። በባዝ አብዛኛው ሕንፃ የማር መልክ አለው። ቀለም ተቀብቶ አይደለም፤ የድንጋዩ የራሱ መልክ ነው። ይህ የኖራ ድንጋይ የሚወጣው ከከተማው አካባቢ ነው። ከመሬት እንደ ወጣ ለስላሳ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፤ አየር ሲያገኘው ግን ይጠነክራል። ጎበዝ ግንበኛ ድንጋዩን በመሬት ውስጥ እንደ ነበረ አስተኝቶ ይገነባዋል። አቁሞ ከገነባው ፊቱ ከጊዜ በኋላ እየተላጠ ይረግፋል።

ፌርፊልድ በዚሁ ድንጋይ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች የኢጣሊያን የገጠር ቤቶች አሠራር ይወዱ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ጠርዙ ከግድግዳው ወጣ ይላል፤ የመስኮቶቹ አናት ብዙ ጊዜ እንደ ቅስት ይጎብጣል። የፌርፊልድም አሠራር ከዚህ ወገን ነው። ይህን ሳስብ ይገርመኛል፦ ከኢጣሊያ ወራሪ የተሰደዱት ንጉሥ የተጠለሉት በኢጣሊያ ስልት በተሠራ ቤት ነበር!

ጃንሆይ ቤቱን የገዙት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ቤቱ ሰፊ ቢሆንም ቤተ መንግሥት አይደለም። በስደቱ ዘመን ገንዘብም ይቸግራቸው ነበር። በ1940 ወደ ሱዳን ሄዱ፤ ከዚያም ከአርበኞችና ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ አገራቸው ገቡ። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ደረሱ።

ቤቱስ ምን ሆነ? ጃንሆይ አልሸጡትም። በ1958 ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ በስጦታ ሰጡት። ለእኔ የቤቱ ትልቁ ነገር ይህ ነው። በእንግድነት የተቀበለቻቸውን ከተማ ያመሰገኑት በዚሁ ቤት ነው።

እኛ አዲስ ቤት ስንገባ «ቤት ለእንቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሳሉ። እንቦሳ ገና የተወለደ ጥጃ ነው። ወደ ባዝ ከሄዳችሁ ይህን ምርቃት ይዛችሁ ሂዱ። የድንጋዩን መልክ፣ የጣሪያውን ጠርዝና መስኮቶቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ስትመለሱም ስለዚያ የስደት ዘመን ምን እንደሰሙ አያቶቻችሁን በአማርኛ ጠይቁ።