የሕዝብ ጤና ትምህርት ለሐኪም ብቻ ነውን?

ዘንድሮ የመጀመሪያ ዲግሪያችንን የምንጨርስ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን «ከዚያስ በኋላ?» የሚል ሆኗል። ከመካከላችን አንዱ በዓለም አቀፍ የሕዝብ ጤና ለማስተርስ ዲግሪ እንደሚያመለክት ቢነግረን ሳቅንበት። «የታሪክ ተማሪን ከበሽታ ጋር ምን አገናኘው?» አልነው። ነገሩን ስንመረምር ግን ሳቃችን ካለማወቅ የመጣ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የተረዳነውን ለጓደኞቻችን እናካፍላለን። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐኪም ፊቱ የቀረበውን በሽተኛ ይመረምራል። የሕዝብ ጤና ባለሙያ ግን በሽተኛው የመጣበትን መንደር ይመረምራል፤ ውሃው ከየት ይቀዳል? ስንት ሰው ታመመ? እነዚህ ታመው እነዚያ ስለ ምን ተረፉ? ብሎ ይጠይቃል። በ1854 በለንደን ኮሌራ በገባ ጊዜ ጆን ስኖው ሟቾቹ የት የት እንደ ነበሩ ተከታትሎ፥ አብዛኞቹ በብሮድ ስትሪት ከነበረው የውሃ ፓምፕ አጠገብ የሚኖሩ መሆናቸውን አሳየ፤ የፓምፑም እጀታ እንዲነቀል ሆነ። «ዓለም አቀፍ» መባሉም በሽታን ኬላ ስለማያግደው ነው። መንግሥታት በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ በፓሪስ የተሰበሰቡት በ1851 ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የቆመው ደግሞ በ1948 ነው።

ትምህርቱ በብሪታንያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት፥ በአሜሪካ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው የበሽታን ስርጭት፥ ስታቲስቲክስን፥ የአካባቢን ጤና፥ የጤና አስተዳደርን፥ እንዲሁም የሰውን ጠባይና ልማድ ያጠናል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሕክምና ዲግሪ ግዴታ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ግን የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ከቁጥር የሸሸን ሁሉ ስታቲስቲክሱ እንደሚጠብቀን እንወቅ።

የኛ ዓይነቱ ተማሪ ምን ይጠቅማል ለሚል የአገራችን የፈንጣጣ ታሪክ መልስ ይሰጣል። የማጥፋቱ ዘመቻ በ1971 ሲጀመር በዚያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ክትባቱ ነበረ፤ ችግሩ ሌላ ነበር። በአገራችን የነበረው ፈንጣጣ በብዛት ቀለል ያለው ዓይነት ስለ ሆነ ብዙ ሰው አልፈራውም። ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን መክተብም የቆየ የአገር ልማድ ነበር፤ ይኸው ልማድ በሽታውን ላልደረሰበት መንደር ያደርስ ነበር። በጎጃም ከታቢዎቹን አንቀበልም ያሉ ነበሩ። እንግዲህ ሥራው በሽተኛውን መንደር ለመንደር ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መክተብ፥ ከዚያም በፊት የአገሩን ሽማግሌ ማስረዳት ሆነ። ይህን ለመሥራት ቋንቋ ማወቅ፥ ልማድን ማክበር፥ ሰው እንቢ ሲል ምክንያቱን ማዳመጥ ያስፈልጋል። በ1976 በኦጋዴን የአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ ተገኘ። በማግሥቱ ዓመት በሶማሊያ በመርካ ከተማ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሕመምተኛ ታየ። በ1980 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ።

ስለዚህ ይህን ትምህርት የሚያስብ ጓደኛ ካለ፥ ከማመልከቱ በፊት በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ጥቂት ወራት በፈቃዱ ቢያገለግል እንመክራለን፤ ሊማረው የሚሄደውን ጥያቄ እዚያ ያገኘዋልና። የሳቅንበት ጓደኛችን ማመልከቻውን አስገብቷል። ደብዳቤውን ያረምንለት እኛው ነን።