«የስሌት ሐረግ ዛፍ» ስለ ተባለው ስያሜ

ሲ ሻርፕ የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን የማጣሪያ ሁኔታ ወዲያው ሳያሰላ በዛፍ መልክ ሊይዝ ይችላል። «ዋጋው ከ100 የሚበልጥና ቀለሙ ቀይ የሆነ ዕቃ» ሲባል «እና» ከላይ ይቆማል፤ ሁለቱ ንጽጽሮች ቅርንጫፎቹ ናቸው። ተጠቃሚው መስፈርት ሲጨምር ፕሮግራሙ በነባሩ ላይ አዲስ ዛፍ ያዋቅራል።

«የሐረግ ዛፍ» ብንል ከሰዋስው ዛፍ ጋር ይምታታል፤ «የአገላለጽ ዛፍ» ደግሞ የአነጋገር ዘይቤን ያስታውሳል። (ሐረግ ራሱ በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል መሆኑን አልዘነጋንም።) ስለዚህ «የስሌት ሐረግ ዛፍ» የሚለውን መርጠናል።

ይበልጥ የሚያሳስበን ዕቃውን የሚወክለው ምልክት ነው። ለየብቻ የተሠሩ ሁለት ሁኔታዎች ሲጣመሩ ምልክቱ በሁለቱም «ዕ» ቢባል እንኳ የስም መመሳሰል አይበቃም፤ አንድና ያው ምልክት ካልሆነ ሥራው ይሰናከላል። ተርጓሚ «ስም» ቢለው አንባቢን ያሳስታል፤ «ወካይ» እንዲባል እናሳስባለን።