አጥቢያ በምን ሕግ ይተዳደራል?

ሥልጠናችንን ጨርሰን ከሊማሊሞ ግርጌ ወደ ድብ ባሕርም ሆነ ወደ ሌላ ገጠር ብንመደብ፣ ከትምህርት ቤቱ ሌላ ሕዝቡን የሚሰበስበው የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነው። ታዲያ ይህ አጥቢያ በምን ሕግ ይተዳደራል? ካህናቱስ በምን ይኖራሉ? ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው እንላለን።

በጎንደር ዘመን መልሱ መሬት ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም እንዳደረጉት፣ ነገሥታቱ ለደብሩ መሬት ይሰጣሉ፤ ስጦታው በመጽሐፍ ይጻፋል፤ የሚያፈርሰው ሰው ይወገዛል። ሪም የሚባለውን ድርሻ የያዘ ሰው በምትኩ ማገልገል አለበት። የሚገርመው ግን ሪም ይሸጣል፣ ይወረሳል፤ መኳንንትና ወይዛዝርት ሳይቀሩ ይይዙታል። እነርሱ መቀደስ ስለማይችሉ በፈንታቸው አገልጋይ ያቆማሉ። አራሹ ገባር ደግሞ ለሁሉም ይገብራል። ስለ እርሱ ማን ጻፈ?

በ1935 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብር ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግምጃ ቤት እንዲገባ አዘዘ፤ የቤተ ክህነትንም ዳኝነት በመንፈሳዊ ጉዳይ ብቻ ወሰነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለቤተ ክርስቲያኒቱ የሕግ ሰውነት ሰጠ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጣ። ዓዋዲ ማለት ዐዋጅ ነጋሪ ነው። በደንቡ መሠረት በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይቋቋማል፤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመርጠው ይገቡበታል። ምእመኑ መዋጮ ይከፍላል፤ ስለ ገንዘቡም ይጠይቃል። ቀድሞ አለቃው ብቻውን ይጨርሰው የነበረው ነገር ሁሉ አሁን በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣና የቤተ ክርስቲያኑም መሬት ተወሰደ። ሰበካ ጉባኤ ቀድሞ ባይቋቋም ኖሮ የብዙ አጥቢያ በር ይዘጋ ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም። አቡነ ቴዎፍሎስ ግን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. ደርግ ገደላቸው።

ቃለ ዓዋዲ ከዚያ ወዲህ፣ በ1991 ዓ.ም. ጭምር ተሻሽሏል። ችግሩ የከተማና የገጠር አጥቢያ አቅም አለመመጣጠኑ ነው፤ ነጋዴ የበዛበት የጎንደር ደብርና ጥቂት ገበሬዎች ያሉበት የደጋ አጥቢያ እኩል አያዋጡም። ከእኛ መካከል ምእመን የሆነው በተመደበበት ገጠር «መምህር፣ እርስዎ ጸሐፊ ይሁኑልን» ቢባል የሚረከበው ይህንኑ መዝገብ ነው።