የሚቀጥለውን ልጅ ማን ይወስን?

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ የገንፎው ሳህን ሳይነሳ የሚከተለው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ቀጣዩስ? ይሄ ልጅ ብቻውን ሊያድግ ነው እንዴ?» ጠያቂዋ አማት ልትሆን ትችላለች፣ የሰፈር እትዬም ልትሆን ትችላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ እዚያው አጠገብሽ የተኛው ባልሽ! እኔም የ10 ወር ልጅ እናት ነኝና ጥያቄው በየጊዜው ይደርሰኛል። ስለዚህ ሴቶች በሹክሹክታ ብቻ የምንቀባበለውን ነገር ዛሬ ፊት ለፊት እናውራበት ብያለሁ። ወንዶችም ገጹን እንዳታልፉት፤ ይመለከታችኋል።

አንድ የሚያዘናጋን ነገር አለ። «የወር አበባዬ አልተመለሰም፣ ጡትም አጠባለሁ፤ ምን ያሰጋኛል?» እንላለን። ጡት ማጥባት በርግጥ እርግዝናን ይከላከላል፤ ግን ሦስት ነገሮች ባንድነት ሲሟሉ ነው። ሕፃኑ 6 ወር ያልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ከእናቱ ጡት በቀር ምንም የማይቀምስ፣ የእናትየዋም የወር አበባ ያልተመለሰ መሆን አለበት። ሦስቱ ከተሟሉ ከ100 እናቶች 98ቱ አያረግዙም። አንዱ ከጎደለ ግን መተማመኛ የለም። እንቁላል የሚወጣው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ነውና «ሲመጣልኝ እጀምራለሁ» ያለች ሴት ሳይመጣላት ልታረግዝ ትችላለች።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የገጠማት ይሄው ነው። ልጇ 4 ወር ሲሆነው ሥራ ገባች፤ ቀን ቀን ሠራተኛዋ ጡጦ ትሰጠዋለች፣ ማታ እሷ ታጠባዋለች። የወር አበባ የሚባል አላየችም። ጨጓራ ነው ብላ ጤና ጣቢያ ብትሄድ «የ3 ወር እርጉዝ ነሽ» ተባለች። ዛሬ ሁለቱንም ልጆቿን ትወዳቸዋለች፤ «ግን ማን ጠየቀኝ?» ትላለች።

ታዲያ ምን እንያዝ?

ሉፕ ከተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ካለፈም ከ4 ሳምንት በኋላ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። የመዳብ ሽቦ ያለው ሆርሞን የለውም፤ ወተት አይነካም፤ 10 ዓመት ያገለግላል። የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል። «ወደ ልብ ይወጣል» የሚባለው ግን ተረት ነው።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ደግሞ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል፤ ልጅ ባማረሽ ቀን ይወጣል። የምታጠባ እናትም ልትጠቀምበት ትችላለች። ደሙን ግን ሊያዘበራርቀው ይችላል፤ አንዳንዷ ጭራሽ አታይም፣ ሌላዋ ቶሎ ቶሎ ታያለች።

የሦስት ወሩ መርፌ ለምታጠባ እናት ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። «መካን ያደርጋል» ይባላል፤ አያደርግም። ሆኖም ካቆሙት በኋላ ቶሎ ላይረገዝ ይችላል፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ 10 ወር ያህል ይወስዳል። በቅርቡ መውለድ የምታስቢ ከሆነ ይሄን አስቢበት።

ኪኒን ሁለት ዓይነት ነው። ለምታጠባ እናት የሚሆነው ባለ አንድ ሆርሞኑ ነው፤ በየቀኑ በሰዓቱ መዋጥ ይፈልጋል። ሁለት ሆርሞን ያለው የተለመደው ኪኒን ግን ለምታጠባ እናት ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ይቆይ። እንግዲህ ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥ አይሆንም ማለት ነው። የደም ግፊት ወይም ሌላ ሕመም ካለብሽ ለሐኪም ሳትነግሪ እንዳትጀምሪ። ኮንዶም እንደሆነ አራስ አይልም፣ ወተት አይነካም፤ የባልን ፈቃድ ግን ይጠይቃል።

እነዚህ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ። ብልህ ከሆንሽ ግን ምርጫሽን ከመውለድሽ በፊት፣ በእርግዝና ክትትል ላይ ጨርሺ። አራስ ቤት ገብተሽ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ባለቤቴ «አንዴ ተጨናንቀን እንገላገል፤ አብረው ይደጉ» ባይ ነው። እናቱ አርጅተዋል፤ ሌላ የልጅ ልጅ ሳያዩ እንዳይሄዱ ይሰጋል። ስጋቱ ይገባኛል። የእኔን ደግሞ ስሙልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይቆይ ይላል። ቶሎ ሲደጋገም እናት ደም ያንሳታል፤ ሕፃኑም ቀኑ ሳይደርስ ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል። 24 ላይ 9 ስትደምሩ በልጆቹ መሐል ወደ 3 ዓመት ይጠጋል። ሥራውስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ ለእናት 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ነው የሰጠው። ሦስት ቀን! ጭነቱ ማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አያሻም።

ብዙ ጭቅጭቅ አሳለፍን። በመጨረሻ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ባለሙያዋ የነገረችንን እሱም በጆሮው ሰማ። በክንድ የሚቀበረውን አስደረግሁ። ልጃችን 2 ዓመት ሲሞላው ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እሱ አሁንም ይፈልጋል፤ እኔም ቃል አልገባሁም። ለጊዜው የተስማማነው አንዳችን ሌላውን ሳናማክር እንዳንወስን ነው።

ይሄ ዕድል የሌላት ብዙ ናት። ባሏ እንዳያውቅ መርፌውን ተደብቃ የምትወጋ ጎረቤት አለችኝ፤ የቀጠሮ ወረቀቷን እህቷ ዘንድ ታስቀምጣለች። አልፈርድባትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና ዘዴ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። መብቷን ተደብቃ መጠቀሟ ነው የሚያሳዝነኝ።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቁና ሚስቶቻችሁን ተከትላችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወረፋው ላይ ጥቂት ወንዶች ብቻ ስላሉ ታፍሩ ይሆናል። ግድ የለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው አያፍርም።