የአገር ውስጥ ገዢ ለአበባ አምራቹ ያለው ፋይዳ

ኢትዮጵያ አበባ ለውጭ ገበያ በማቅረብ ከአፍሪካ አገሮች ከኬንያ ቀጥሎ የሁለተኛነት ደረጃን ይዛ ትገኛለች፡፡ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱ፣ በዝዋይና በሌሎች አካባቢዎች ከሚለማው አበባ አብዛኛው ከእርሻው በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይጓዛል፡፡ በአንጻሩ በአዲስ አበባ በበርካታ የስብሰባ አዳራሾችና መሥሪያ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የሚታየው የፕላስቲክ አበባ ነው፡፡ ይህ ሁኔታ የውጭው ገበያ በሚናጋበት ወቅት አምራቹ የሚጠጋበት ሌላ ገበያ እንዳይኖረው አድርጓል፡፡

ዘመናዊው የአበባ ልማት በአገሪቱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፡፡ የደጋውና የወይና ደጋው ተስማሚ አየር፣ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋው የፀሐይ ብርሃን፣ እንዲሁም እርሻዎቹ ለቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያላቸው ቅርበት ባለሀብቶችን ስቧል፡፡ መንግሥት በመሬት አቅርቦት፣ በባንክ ብድርና በግብር እፎይታ ዘርፉን ሲደግፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራች ላኪዎች ማህበር ተመሠረተ፡፡ ዘርፉ የውጭ ምንዛሪ ከማስገኘቱም በላይ በአብዛኛው ሴቶች ለሆኑ ሠራተኞች የሥራ ዕድል ፈጥሯል፡፡

ይሁን እንጂ አበባ እንደ ቡና ወይም እንደ ሰሊጥ በመጋዘን ተከማችቶ የተሻለ ዋጋ የሚጠበቅበት ምርት አይደለም፡፡ ጽጌረዳ ገና እምቡጥ ሳለ ተቆርጦ ወዲያውኑ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ በማቀዝቀዣ ክፍል ይቆያል፤ በቁመቱና በእምቡጡ መጠን ተለይቶ ይታሸጋል፤ በማቀዝቀዣ ተሽከርካሪም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይወሰዳል፡፡ ከዚያም ዋነኛ መዳረሻው ወደ ሆነችው ኔዘርላንድ ይበርራል፡፡ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ቀለበት ቢበጠስ ምርቱ በቀናት ውስጥ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፡፡

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የታየውም ይኸው ነው፡፡ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በአውሮፓ ሲስፋፋ ሱቆች ተዘጉ፤ ድግሶች ተሰረዙ፤ በኔዘርላንድ የአበባ ጨረታም ዋጋ በቀናት ውስጥ አሽቆለቆለ፡፡ ከፍተኛ መጠን ያለው አበባ ገዢ አጥቶ በጨረታው ሥፍራ እንዲወገድ ተደረገ፡፡ የኢትዮጵያ እርሻዎችም የቆረጡትን አበባ ለመጣል ተገደዱ፡፡ ተክሉ ገበያ ቆመ ብሎ ማበቡን ስለማያቆም፣ የአምራቹ ወጪ እንዳለ ቀጥሎ ገቢው ብቻ ተቋረጠ፡፡ በወቅቱ ይህን ሁሉ ምርት የሚያነሳ የአገር ውስጥ ገበያ አልነበረም፡፡

ለአገር ውስጥ ገበያ ከሚቀርበው አበባ አንዱ ክፍል የላኪዎችን መሥፈርት ሳያሟላ የቀረ፣ ቁመቱ ያጠረ ወይም እምቡጡ ቀድሞ የተከፈተ ነው፡፡ ሁለተኛው አማራጭ ግን ከጅምሩ ለቅርብ ገዢ ታስቦ የሚለማ አበባ ሲሆን፣ ለአነስተኛ አምራቾች የሚስማማውም ይህ ነው፡፡ የጽጌረዳ እርሻ ግሪን ሃውስ፣ ማቀዝቀዣና ከፍተኛ ካፒታል ይጠይቃል፡፡ እንደ ግላዲዮለስና ስታቲስ ያሉ የአበባ ዓይነቶች ግን በአነስተኛ መሬት ላይ ያለ ግሪን ሃውስ ሊለሙ ይችላሉ፡፡ ግላዲዮለስ ከተተከለ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ለመቆረጥ ይደርሳል፤ ስታቲስ ደግሞ ከደረቀ በኋላም ቀለሙን ይዞ ስለሚቆይ በዕለቱ ባይሸጥ አይባክንም፡፡ አምራቹ ጠዋት የቆረጠውን በዚያው ዕለት በከተማ ለመሸጥ የአየር ጭነት ወጪም ሆነ ረጅም የማቀዝቀዣ ሰንሰለት አያስፈልገውም፡፡

ዋነኛው እንቅፋት የፍላጎት መዋዠቅ ነው፡፡ በከተሞች አበባ በብዛት የሚፈለገው ለሠርግ፣ ለምረቃና ለቀብር ሥነ ሥርዓት ነው፡፡ ሠርግ በጥር ወርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፡፡ በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ግን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ዘንድ ሠርግ ስለማይደገስ ፍላጎቱ ይቀንሳል፡፡ በአዲስ ዓመትና በመስቀል ሰሞን ገበያውን የምትሞላው አደይ አበባም ከሜዳ የምትለቀም እንጂ በእርሻ የምትለማ አይደለችም፡፡ በዚህ የተነሳ አነስተኛው አምራች በአንድ ወር ያጣውን ገዢ በሌላው ወር ቢያገኝም፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ ከሥራው ሊያስወጣው ይችላል፡፡

ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው መደበኛ ትዕዛዝ ነው፡፡ አንድ ሆቴል፣ ምግብ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ ጥቂት እቅፍ አበባ ለመውሰድ አስቀድሞ ቢስማማ፣ አምራቹ ምን ያህል እንደሚተክልና መቼ እንደሚቆርጥ ማቀድ ይችላል፡፡ ለአምራቹ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚመጣ ትልቅ ግዢ ይልቅ ሳይቋረጥ የሚመጣ አነስተኛ ግዢ የበለጠ ዋስትና ይሰጠዋል፡፡

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ያሳያል፡፡ በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ ከሚቀርበው አበባ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ፍላወርስ ፍሮም ዘ ፋርም የተሰኘው ማህበር አነስተኛ አምራቾችን በማሰባሰብ በአካባቢያቸው ካሉ ገዢዎች ጋር ያገናኛል፡፡ ማህበሩ አጥብቆ የሚያስተዋውቀው ወቅቱን ጠብቆ የሚያብበውን፣ ከቅርብ የሚመጣውን አበባ ነው፡፡ በኢትዮጵያ ሁኔታው የተለየ መልክ አለው፡፡ አበባው በአገሪቱ በብዛት ይመረታል፤ የሚጎድለው በአገር ውስጥ አበባ የመግዛት ልማድ ነው፡፡

ገዢው በበኩሉ የገዛው አበባ ዕድሜ እንዲኖረው ማድረግ ይችላል፡፡ ጽጌረዳ ሲገዛ ሙሉ በሙሉ ያልተከፈተውን መምረጥ፣ የዘንጉን ጫፍ በስለታም ቢላዋ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር አጋድሞ መቁረጥ፣ ውኃ ውስጥ የሚገቡትን ቅጠሎች ማንሳትና ውኃውን በየሁለት ቀኑ መለወጥ ይመከራል፡፡ አበባን ከቀጥተኛ ፀሐይ ማራቅም ይገባል፡፡ እንደ ሙዝ ያሉ የበሰሉ ፍራፍሬዎች ኤትሊን የተሰኘ ጋዝ ስለሚያመነጩና ጋዙም አበባን ስለሚያጠወልግ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ አይመከርም፡፡

የአበባው ከቅርብ መምጣት ብቻውን የአመራረቱን ጥራት አያረጋግጥም፡፡ የውኃ አጠቃቀምና የፀረ-ተባይ ኬሚካል ርጭት በአነስተኛ ማሳም ጥንቃቄ ይሻል፡፡ ሆኖም በቅርብ ያለ ገዢ ስለ አመራረቱ አምራቹን በቀጥታ የመጠየቅ ዕድል አለው፡፡ የውጭው ገበያ ዳግም በሚቀዘቅዝበት ጊዜ አምራቹ የቆረጠውን አበባ ከመጣል የሚድነው አስቀድሞ የለመደ ገዢ በአቅራቢያው ሲኖረው ነው፡፡ እንዲህ ያለው ገዢ ደግሞ በችግር ቀን በድንገት የሚገኝ ሳይሆን፣ ገበያው በሰላም በሚውልበት ወቅት በየሳምንቱ ከሚገዛ እቅፍ አበባ የሚጀምር ነው፡፡